ኦፕራሲዮን የሚጠብቁት፦ ከሐኪም ወርቅነህ ድንኳን እስከ ጥቁር አንበሳ

በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ከተማ ሳለች፣ ከሩቅ አገር የመጡ አንድ ሐኪም ድንኳን ተክለው በሽተኛ መቀበል ጀመሩ። መልካቸው ሐበሻ ነው፤ ንግግራቸው ግን እንግሊዝኛ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ጎንደር ተወልደው፣ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገቡና ወደ ሕንድ ተወሰዱ። ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፤ በርማ ውስጥ አገለገሉ። የአድዋ ድል ወሬ ሲደርሳቸው የአገራቸው ነገር አላስቀምጥ አላቸው። ሲመጡ አያታቸው በገላቸው ላይ ባለው የልጅነት ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥነው የአገራቸውን ሰው ያከሙ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሳቸው ናቸው።

ሐኪሙ ከመምጣታቸው በፊት ጨጓራውን የታመመ የአራዳ ሰው መሄጃ አልነበረውም ማለት አይደለም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች በተዘረጋው የአራዳ ገበያ ከእህሉና ከቅቤው ጎን ኮሶ ይሸጥ ነበር። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ኮሶ መጠጣት የታወቀ ልማድ ነው፤ የጠጣ ሰው ቤቱ ይውላል፣ እንግዳም አይቀበልም። ሆድ ሲያቃጥል ተልባ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ አብሽ ይዘፈዘፋል። አጥንት ለተሰበረበት ወጌሻ አለ፤ ደሙን ለሚያስመጥጥ ዋግምት አለ። ይህ ሁሉ አልሆን ሲል የእንጦጦ ጸበል አለ። ሆድ ከፍቶ ዕጢ የሚያወጣ ሰው ግን አልነበረም። እንደ ኮሶ በሽተኛ ሲታከም ቆይቶ ከቀን ወደ ቀን እየከሳ፣ የቀመሰውን ሁሉ እየመለሰ የሄደ ሰው በምን እንደሞተ ማንም አያውቅም።

አውሮፓም ቢሆን በዚህ ነገር ብዙ አልቀደመችም። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 1881፣ ቴዎዶር ቢልሮት የተባለው ቀዶ ሐኪም ቪየና ላይ ቴሬዘ ሄለር የተባለችን የ43 ዓመት ሴት በክሎሮፎርም አስተኝቶ ከጨጓራዋ የታችኛው ክፍል የበቀለውን ካንሰር ቆርጦ አወጣ። የቀረውን ጨጓራ ከትንሹ አንጀት መነሻ ጋር ሰፋው። ከእሱ በፊት የፈረንሳዩ ፔያንና የፖላንዱ ሪዲጊዬር ሞክረው ሕመምተኞቻቸው ብዙም ሳይቆዩ ሞተውባቸው ነበር። ሄለር ከቀዶ ጥገናው ዳነች፤ ካንሰሩ ግን አስቀድሞ ተሰራጭቶ ስለነበር ከአራት ወር ገደማ በኋላ አረፈች። የቢልሮት እጅ አልተሳሳተም፤ ያሸነፈው መዘግየት ነው። በሽታው ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘመናት ሁሉ፣ በአራዳም ጭምር፣ የሚያሸንፈው በዚሁ መንገድ ነው።

ከአድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ሊያክም መጣ። በኋላ ስለ ኢትዮጵያ መጻሕፍት የጻፈው አሌክሳንደር ቡላቶቪች የመጣው ከዚህ ቡድን ጋር ነው። ቡድኑ ሲመለስ ሩሲያውያን በከተማይቱ ሆስፒታል አቋቁመው እ.ኤ.አ. እስከ 1906 ድረስ ሠሩ። እሱ ከተዘጋ በኋላ ዐፄ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል አቋቋሙ። እስከ ዛሬም ይሠራል።

ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም በዚያው ጊዜ ታመው ነበር። ከጓድሎፕ ደሴት የመጡት ዶክተር ቪታልየን አከሟቸው፤ የጀርመን ሐኪምም አያቸው። በቤተ መንግሥቱ ማን ምን አጠጣቸው የሚል ጥርጣሬ ነገሠ። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ረጅም ጊዜ ቆየ። ሕመምንና ሞትን የመደበቅ ልማድ ከቤተ መንግሥት እስከ ጎጆ አንድ ነበር። ይህ ልማድ በካንሰር ታማሚዎች ላይ ምን እንዳደረገ በኋላ እናያለን።

ሐኪም ቤቱ በአንድ በኩል ሲቋቋም መድኃኒት ቤቱ በሌላ በኩል ተከፈተ። ከጆርጂያ የመጡት ዶክተር መራብ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገቡ፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው “ፋርማሲ ዴ ላ ጆርጂ” የተባለውን መድኃኒት ቤት ከፈቱ። ስለ ከተማይቱ ኑሮና ስለ አገሬው ሕክምና ያዩትን በፈረንሳይኛ ሦስት ጥራዝ አድርገው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የአራዳ ሰው፣ ጣሊያን ሰፈሩን ፒያሳ ካለው በኋላም፣ መድኃኒት ከፋርማሲ የመግዛት ልማድ አዳበረ። ጨጓራ ያመመው ሰው ከወርቅ ቤቶቹና ከቡና ቤቶቹ መካከል ጎራ ብሎ “ለጨጓራ የሚሆን ስጡኝ” ይላል። ነጭ ሽሮፕ ወይም እንክብል ይሰጠዋል። ሕመሙ ለሳምንት ጋብ ይላል፤ ሰውየውም ተሻለኝ ብሎ ሥራው ይመለሳል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1982 ከሰው ጨጓራ ውስጥ ለይተው ያሳደጉት ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ፣ ለቁስለትም ለካንሰርም መነሻ እንደሚሆን ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መዘገበው፤ ሁለቱ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ይህን ባክቴሪያ እንደሚሸከም ያሳያሉ። ከተሸካሚዎቹ ወደ ካንሰር የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ማን እንደሆነ ግን ከፋርማሲው መስኮት ሆኖ ማወቅ አይቻልም። የጨጓራ ካንሰር ሲጀምር የሚሰማው እንደ ማንኛውም ጨጓራ ነው፤ ማቃጠል፣ መንፋት፣ ቶሎ መጥገብ። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ሕመሙን ያስታግሰዋል፤ ዕጢው ግን ማደጉን ይቀጥላል።

ቀዶ ሕክምና ወደ አራዳ ነዋሪ ደጃፍ የቀረበው በቤተ ሳይዳ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1910ዎቹ አጋማሽ ያቋቋሙት ይህ ሆስፒታል ስድስት ኪሎ ላይ ተሠርቶ የስዊድን ሐኪሞች መሩት። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል ተባለ፤ ከአብዮቱ ወዲህ የካቲት 12 ሆኗል። ስሙ የተወሰደው በ1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ገዢ የግራዚያኒ ወታደሮች የከተማይቱን ሕዝብ ከጨፈጨፉበት ቀን ነው።

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አባታቸውን ያጡት በዚያ ጭፍጨፋ ነበር። ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተነስተው አሌክሳንድርያ፣ ከዚያም ኤዲንብራ ሄዱ፤ በቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስትነት የተመረቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነው ተመለሱ። እስከዚያ ድረስ ሆድ ሊከፈትለት የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ስዊድናዊ ወይም ሌላ የውጭ ሐኪም ነበር። ፕሮፌሰሩ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ፤ ዲንም ሆነው መሩት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፋኩልቲው ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። አሥራት በኋላ በፖለቲካ ምክንያት ለዓመታት ታስረው፣ ታመው፣ በ1991 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፉ። ተማሪዎቻቸውና የተማሪዎቻቸው ተማሪዎች ግን ዛሬም የአገሪቱን የኦፕራሲዮን ጠረጴዛዎች ይዘዋል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና ዳር ትልቁ ሆስፒታል ተከፈተ። በመኪና አደጋ ለሞቱት ለሐረሩ መስፍን ለልዑል መኮንን መታሰቢያ የተሠራ ነው፤ ዛሬ ጥቁር አንበሳ እንለዋለን። በ1990 ዓ.ም. ገደማ የጨረር ሕክምና ተጀመረበት። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ለሚያህል ጊዜ በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው እዚህ ብቻ ነበር። ከሞያሌም ከሁመራም የመጣ ታማሚ የሚሰለፈው በዚሁ በር ነበር። በ1996 ዓ.ም. አቶ ወንዱ በቀለ በደም ካንሰር ለሞተው ልጃቸው መታሰቢያ የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ሲመሠርቱ፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ መስጠት ከሥራዎቹ አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ አንድ የአራዳ ሰው የጨጓራ ካንሰር እንዳለበት የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ለወራት የገዛው መድኃኒት አልሠራ ይላል። ሱሪው ይሰፋዋል፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። ልጁ ወይም እህቱ ሐኪም ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። ኢንዶስኮፒ ታዝዞለት ባዶ ሆዱን ይመጣል፤ በአፉ በኩል ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ከቁስሉ ናሙና ይወሰዳል። የናሙናው ውጤት ሲደርስ ወረቀቱን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም። ቤተሰቡ ሐኪሙን በር ላይ ይይዙና “ለእሱ እንዳይነግሩት፤ ይሰብረዋል” ይላሉ። ለታማሚው “ቁስለት ነው፤ በኦፕራሲዮን ይወጣል” ይባላል።

ይህ የመጣው ከፍቅር ነው። መርዶ በአገራችን በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እንጂ በደረቁ አይነገርም፤ ሞትን የሚጠራ ወሬም እንዲሁ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የሚጠብቀውን የማያውቅ ሰው ለጸበል ቀጠሮውን ይተዋል፤ ኬሞው ሲያደክመው ለቁስለት ይህን ያህል መድኃኒት ለምን ብሎ ያቋርጣል፤ ኑዛዜውንም ሳይናገር ይቀራል። በአንጻሩ እውነቱ የተነገረው፣ የንስሐ አባቱም አጠገቡ የሆኑለት ሰው፣ ጸበሉንና ሕክምናውን አስማምቶ ሲሄድ ይታያል።

ኦፕራሲዮን መጠበቅም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በብሪታኒያ ሐኪሞች መሪነት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ ኬሞ ከወሰዱት ከመቶ 36ቱ አምስት ዓመት ሲኖሩ፣ በኦፕራሲዮን ብቻ ከታከሙት 23ቱ ብቻ እንደኖሩ አሳየ። ስለዚህ ዕጢው ሳይሰራጭ ለተገኘለት ሰው በኬሞ የሚያልፉት ሳምንታት ሕክምና ናቸው። አልጋ ወይም ማደንዘዣ ሐኪም ጠፍቶ፣ ወይም ደም ሳይገኝ ቀርቶ የሚያልፉት ሳምንታት ግን የቢልሮትን ታማሚ የገደለው መዘግየት ናቸው። የዓለም የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 አምስት ቢሊዮን ሰው አስተማማኝ ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ ሲያስታውቅ፣ ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በየሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምናን አቅም ለማሳደግ አገር አቀፍ ዕቅድ ያወጣው ለዚህ ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ሰውየውን የሚያቆመው ሰፈሩ ነበር። ጎረቤት አጥሚት ይሠራል፤ የእድሩ ሰዎች መጥተው ይጠይቃሉ፤ ወጣቶቹ ደም ሊሰጡለት ይሄዳሉ፤ እናቶች ለጊዮርጊስ ይሳላሉ። ከኦፕራሲዮኑ ዋዜማ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም አይቀምስም። ጠዋት ቀለበቱን ለእህቱ ያስረክባል፤ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ይፈርማል፤ አስታማሚዎቹ ኮሪደር ላይ ይቀራሉ። ከዳነ ጨጓራው አንሷልና በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይበላል፤ ጨጓራው ሙሉ በሙሉ ከወጣም የቫይታሚን ቢ12 መርፌ ዕድሜ ልኩን ያስፈልገዋል። ይህን የሚያስታውሰውም የሚደግፈውም ጎረቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማይቱ ዳርቻዎች ተበተኑ። ወደ የካቲት 12 ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው አሁን ታክሲ ቀይሮ ይመጣል፤ አብሮት ይመጣ የነበረው ጎረቤትም በሌላ አቅጣጫ ሰፍሯል።

ቀዶ ሐኪሞች ዛሬ በጎንደርም በጅማም በሐዋሳም ይሠለጥናሉ፤ የጨረር ሕክምናም ከአዲስ አበባ ውጭ ጅማን ከመሳሰሉ ከተሞች ደርሷል። በሐኪም ወርቅነህ ዘመን የጠፋው ሐኪሙ ነበር፤ አሁን በብዛት የሚጠፋው በጊዜ የደረሰ ታማሚ ነው። ለዚህ ደግሞ አዲስ ሆስፒታል እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት በስተጀርባ የቆመው ባለሙያ ጨጓራዬን ላለው ደንበኛ ሁሉ ከሽሮፑ በፊት ጥቂት ነገር ሊጠይቀው ይችላል፤ ከስተሃል ወይ፣ ሰገራህ ጠቁሯል ወይ፣ ምግብ ሲወርድ ይይዝሃል ወይ፣ ከቤተሰብህ በዚህ የሞተ አለ ወይ፣ መድኃኒቱን ለስንተኛ ጊዜ ነው የምትገዛው። ከመልሶቹ አንዱ እንኳ የሚያሠጋ ከሆነ ሽሮፑን አስቀምጦ “ኢንዶስኮፒ ታይ” ይበለው። ያ ሰው ኦፕራሲዮን የሚጠብቀው ዕጢው ገና ከጨጓራው ግድግዳ ሳይወጣ ይሆናል።