የ16 ሜጋባይት ወሰን፦ የዲኤምኤ አድራሻዎች ታሪክ በግል ኮምፒውተሮች

ዲኤምኤ በመባል የሚታወቀው አሠራር፣ እንደ ዲስክ ማንበቢያ ወይም እንደ ድምፅ ካርድ ያለ መሣሪያ ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን ባይት ሳያመላልስለት መረጃን በቀጥታ ወደ ማኅደረ ትውስታ እንዲጽፍና ከዚያም እንዲያነብ ያስችለዋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚደርስበት ስፍራ የሚወሰነው በአድራሻ ቢቶቹ ብዛት በመሆኑ፣ ፕሮሰሰሩ የሚደርስበት ሁሉ ለመሣሪያው ክፍት አይደለም። የዚህ ልዩነት ታሪክ፣ ለአንድ ዘመን ማሽን በቂ የነበረ ውሳኔ የኋለኞቹን የሶፍትዌር ባለሙያዎች ምን ያህል እንዳሰረ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ኢንቴል 8088፣ በ20 ቢት አድራሻ 1 ሜጋባይት ማኅደረ ትውስታ መድረስ ይችል ነበር። የዲኤምኤውን ሥራ የያዘው 8237 የተባለው ቺፕ ግን ለቀደምት ባለ8 ቢት ፕሮሰሰሮች የተሠራ ስለነበር አድራሻው ከ16 ቢት፣ ማለትም ከ64 ኪሎባይት አያልፍም ነበር። አይቢኤም የጎደሉትን 4 ቢቶች የሚይዝ የገጽ ሬጅስተር የተባለ ክፍል ከጎኑ ቢጨምርም፣ የ8237 ቆጣሪ 64 ኪሎባይቱን ሲጨርስ ወደ ቀጣዩ ገጽ ከመሻገር ይልቅ ወደዚያው ገጽ መጀመሪያ ይመለስ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም የሆነው ባዮስ፣ ይህን ወሰን የሚያቋርጥ የፍሎፒ ዲስክ ጥያቄ ሲቀርብለት በስህተት ቁጥር 9 ይመልሰው ነበር።

በ1984 የተከተለው ፒሲ ኤቲ 24 የአድራሻ ቢቶች ያሉትን 80286 ይዞ ሲመጣ ወሰኑ ወደ 16 ሜጋባይት ከፍ አለ። በቀጣዩ ዓመት ባለ32 ቢቱ 80386 እስከ 4 ጊጋባይት የሚደርስ አድራሻ ቢያስገኝም፣ አይኤስኤ የተባለው የካርድ መሰኪያ የነበሩት የአድራሻ መስመሮች 24 ብቻ በመሆናቸው፣ አሮጌው ወሰን ከአዲሱ ፕሮሰሰር ጋር አብሮ ኖረ። ስለዚህ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ የመጀመሪያውን 16 ሜጋባይት ለይቶ ለእንደነዚህ ያሉ መሣሪያዎች አቆየ። መረጃው ከዚያ በላይ ባለ ስፍራ በሚገኝበት ጊዜ ደግሞ፣ በመሸጋገሪያ ቋት፣ ማለትም መሣሪያው ሊደርስበት በሚችል ዝቅተኛ አድራሻ ላይ በተያዘ ጊዜያዊ ስፍራ በኩል መገልበጥ ግድ ሆነ፤ ይህም ዲኤምኤ ሊያስቀረው የመጣውን የፕሮሰሰር ድካም መልሶ የሚያመጣ ነበር።

በ1992 የወጣው ፒሲአይ የተባለው የካርድ መሰኪያ መሣሪያዎችን ለ32 ቢት አድራሻ ቢያበቃም፣ በ2003 ኦፕቴሮንን የመሳሰሉ ባለ64 ቢት ፕሮሰሰሮች ሲመጡና ከ4 ጊጋባይት በላይ ማኅደረ ትውስታ የያዙ ማሽኖች ሲበዙ፣ ያው ችግር በሰፋ መጠን ተደገመ። ሊኑክስ እስከ 4 ጊጋባይት የሚደርስ ሌላ ቀጠና ከለለ፤ ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያዘው ፕሮግራም፣ መሣሪያው ስንት የአድራሻ ቢቶች እንዳሉት ለከርነሉ በግልጽ እንዲያስታውቅም ሥርዓት ተበጀለት። አይኦኤምኤምዩ የተባለው የአድራሻ ተርጓሚ ክፍል ባለባቸው ማሽኖች ደግሞ፣ የመሣሪያውን አድራሻ ከፍ ወዳለ ስፍራ ከመተርጎም ባሻገር፣ አንድ መሣሪያ ያልተፈቀደለትን ስፍራ እንዳይነካ መከልከል ተቻለ።

ችግሩ ከአሮጌ ማሽኖች ጋር አልተቀበረም። በ2019 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለው አነስተኛ ኮምፒውተር እስከ 4 ጊጋባይት ይዞ ሲቀርብ አንዳንድ ክፍሎቹ ከመጀመሪያው 1 ጊጋባይት በላይ መድረስ ስለማይችሉ፣ ከርነሉ ቀጠናዎቹን እንደገና መከለል አስፈልጎታል። ይህ ታሪክ የሚያጸናው መርሕ ግልጽ ነው፤ የአድራሻ ወሰን የእያንዳንዱ መሣሪያ ጠባይ እንጂ የማሽኑ ሁሉ አይደለም፤ ስለሆነም የመሣሪያውን አቅም በትክክል ማስታወቅ ከድራይቨር ጸሐፊ ቀዳሚ ግዴታዎች አንዱ ነው።