የቦናያ ሌሊት

በሲሲሊ ደቡብ ኮሚዞ የምትባል ከተማ አለች። የአውሮፕላን ማረፊያዋ ለረጅም ጊዜ የሚጠራው በጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ስሙ ተነሣና ማፊያ በ1982 በገደለው ፖለቲከኛ በፒዮ ላ ቶሬ ተተካ። በዓመቱ ከተማዋ አዲስ ከንቲባ መረጠች፤ ማልዮኮም ተመለሰ። በ2014 ደግሞ እንደገና ላ ቶሬ ሆነ። የስም ጭቅጭቅ እኛም አገር ስላለ ይህ ብዙ አልደነቀኝም። የደነቀኝ ማልዮኮ የሞተበት ቦታ ነው፤ እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ነቀምት አጠገብ፣ ቦናያ ሜዳ ላይ ነው የወደቀው።

በምዕራብ ወለጋ፣ ቦጂ ውስጥ ካለችው ከቢላ የተነሣ መንገደኛ ጊምቢን አልፎ፣ ዲዴሳን ተሻግሮ ነቀምት ይገባል። በ1928 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የዚህ አገር ሰው ወዴት እንደሚያዘነብል የሚያውቅ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጥተዋል፤ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 በጠላት እጅ ወድቃለች። ጎሬ ላይ ልዑል ራስ እምሩ የቀረውን ይዘው ለመቆም ይታገላሉ። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር በበኩላቸው ሌላ ነገር ያሰላስላሉ። የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ጎሬ ለነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ለካፒቴን ኧርስኪን አመልክተው፣ አገራቸው በመንግሥታት ማኅበር ሥር በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲጠበቅ ጠይቀዋል። ይህን ነገር በበዓል ቀን የሚያነሣው ጥቂት ነው። እኔ ግን ካልተነሣ የቦናያ ነገር አይገባም ባይ ነኝ።

በዚህ መካከል ነቀምት ላይ ሌሎች ሰዎች ተሰብስበው ነበር። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት እጩ መኮንኖች ናቸው፤ የስዊድን መኮንኖች ያሠለጠኗቸው፣ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነት የደረሰባቸው ልጆች። ከእነሱ ጋር ባሕር ማዶ የተማሩ ወጣቶች ተቀላቀሉ። ማኅበራቸውን ጥቁር አንበሳ አሉት። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለ አብ ከወታደሮቹ ወገን፣ የወለጋው ተወላጅ ይልማ ዴሬሳ ከለንደን ተማሪዎች ወገን። ዐሥር አንቀጽ ያለው ሕግም ጻፉ። ወታደሩ ለፖለቲካው አመራር ይታዘዝ፤ ገበሬው አይበደል፤ ምርኮኛ አይንገላታ፤ ወደ ውጭ አገር መሰደድ ክልክል ነው። ንጉሡ ራሱ በተሰደደበት ጊዜ ስደትን በሕግ የከለከሉ ወጣቶች ናቸው፤ ለዚያው ንጉሥ ታማኝ መሆናቸውንም እዚያው ላይ አስፍረዋል።

ሰኔ 19 ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦናያ አረፉ። ማልዮኮ የመጣው የነቀምትን ገዥ እጅ መስጠት ተቀብሎ፣ ምዕራቡን ያለ ብዙ ውጊያ ለመያዝ ነበር። አብሮት ኮሎኔል ካልዴሪኒ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ከባለቅኔው ዳኑንዚዮ ጋር ቪየና ድረስ በርሮ ከተማዋ ላይ ወረቀት የበተነው ዝነኛው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊም አለ። አገሩን የሚያውቁ አንድ ሚስዮናዊ ቄስም አብረው ነበሩ፤ አባ ቦሬሎ። መንገደኞቹ እዚያው ሜዳ ላይ አደሩ። ሌሊቱን፣ ለሰኔ 20 አጥቢያ፣ ጥቁር አንበሶች ደረሱባቸው። ዐሥራ ሁለቱ ተገደሉ፤ አውሮፕላኖቹም ተቃጠሉ። በሕይወት የተረፉት አባ ቦሬሎ ብቻ ናቸው።

ሮም ለሟቾቿ የወርቅ ሜዳልያ ሰጠች። ነቀምት ደግሞ የበቀል ቦምብ ወረደባት። እንግዲህ ሜዳልያውና ቦምቡ የአንድ ሌሊት ውጤት ናቸው።

ጥቁር አንበሶቹም ብዙ አልቆዩም። ከራስ እምሩ ጋር ሆነው ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጅ ሰጡ። በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ወቅት የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ የተማረውን ለቅሞ ሲያስገድል ከእነሱ ብዙዎቹ አለቁ። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች፣ ዮሴፍና ቤንጃሚን፣ ከእነዚያ መካከል ናቸው። ይልማ ዴሬሳ ጣሊያን ታስረው ተረፉ፤ ከነጻነት በኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ።

ለተረፈው አርበኛ መንግሥት ምን አደረገለት? መሬት ሰጠው፤ ቢያንስ በወረቀት። በ1930ዎቹ የወጡት ትእዛዞች ለአርበኛው፣ ለስደተኛውና ለወታደሩ አንድ አንድ ጋሻ ፈቅደዋል፤ ጋሻ ማለት 40 ሄክታር ገደማ ነው። ነገር ግን ፈቃዱን ወደ እርሻ ለመለወጥ ደጅ መጥናት፣ ምስክር ማቆም፣ ለጸሐፊ መክፈል ነበረበት። አዲስ አበባ ሰው ያለው ቶሎ አገኘ፤ የሌለው ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ አኖረ። አርበኛው ተረስቶ ባንዳው ተሾመ የሚለው ቅሬታ ከዚያ ዘመን አንሥቶ እስከ ልጅ ልጅ ወርዷል። የካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ደግሞ ያገኘውም ያላገኘውም እኩል ሆነ።

ዛሬ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ላይ ጎፈር የደፉ፣ ሜዳልያ የደረደሩ አባቶች ይታያሉ፤ ሽለላው ይሰማል፣ አበባው ይቀመጣል። ከዓመት ዓመት ቁጥራቸው እየሳሳ፣ ሜዳልያውን የሚያጠልቀው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እየሆነ ነው። በኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ወታደሮች እንኳ ቹንቾን በምትባል ሩቅ ከተማ መታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቶላቸዋል። ሰኔ 20 ግን በበዓል መቁጠሪያችን ላይ የለም። ቢኖርም ለበዓል የሚመች ወቅት አይደለም፤ ዝናቡ ገብቷል፣ የወለጋ ገበሬ እርሻ ላይ ነው፣ ተማሪው ፈተና ላይ።

ስለዚህ ለቢላም ሆነ ለነቀምት ሌላ በዓል ጨምሩ አልልም። ያለው ሚያዝያ 27 ይበቃል። ግን ከአራት ኪሎ የተቀዳ ንግግር ከሚደገም፣ የዐሥሩ አንቀጽ ፍሬ ነገር በኦሮምኛና በአማርኛ ለተማሪዎች ይነገር። ሀብተ ማርያምም ይነሡ፣ የባላባቶቹ ማመልከቻም ይነሣ፣ ቦምቡም ይነሣ። ገበሬው አይበደል የሚለው አንቀጽ ላይ ሲደረስ፣ ከኋላ ቆመው የሚያዳምጡት የቦጂ ሽማግሌዎች የሚጨምሩት ነገር ካላቸው ዕድል ይሰጣቸው፤ ያኔ ያለፈውን ሠራዊት ሁሉ ማን መገበው፣ የማንስ በሬ ታረደ?