ለሙታን አፍ የሰጠ መድረክ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው የአበው ቃል የተነገረው ቁስሉን ይዞ በሕይወት ስለ ቀረ ሰው ነው። የተወጋው ከነቤተሰቡና ከነጎረቤቱ ያለቀ እንደ ሆነስ የሚያስታውስለት ማን ነው? በሃያኛው መቶ ዓመት የተፈጸሙት ታላላቅ እልቂቶች ይህን ጥያቄ በፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን በቴአትር መድረክም ላይ አስነሥተዋል። ከተሰጡት መልሶች አንዱ ዶክመንተሪ ቴአትር ነው። ይህ የተውኔት ዓይነት ደራሲው ከልቡ የፈጠረውን ታሪክ ሳይሆን የምስክርን ቃል፣ የችሎትን መዝገብና የተቀዳን ድምፅ አቀናጅቶ በተመልካች ፊት ያቀርባል።

በ1963 መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአውሽቪትዝ ማጎሪያ ሹማምንትና ጠባቂዎች በፍራንክፈርት ከተማ ለፍርድ ሲቀርቡ፣ ጀርመን ተወላጁ ደራሲ ፒተር ቫይስ በችሎቱ ተገኝቶ ነበር። ከ350 በላይ ምስክሮች ከተሰሙበት ከዚያ ክርክር መርጦና አሳጥሮ በ11 ክፍሎች ያዘጋጀው «ምርመራው» የተባለ ተውኔት ኦክቶበር 19 ቀን 1965 በምሥራቅና በምዕራብ ጀርመን ከተሞች በአንድ ምሽት ታየ። በለንደንም በዚያው ሌሊት በፒተር ብሩክ መሪነት ተነበበ። በተውኔቱ ውስጥ ተከሳሾቹ በእውነተኛ ስማቸው ሲጠሩ ምስክሮቹ ግን ስም የላቸውም፤ የሚለዩት በቁጥር ነው። ማጎሪያው የነጠቃቸውን ስም ደራሲው አልመለሰላቸውም። «አይሁድ» የሚለው ቃልም አንድ ጊዜ እንኳ አይነሣም፤ ይህም ደራሲውን ብዙ አስወቅሶታል።

ከዚህ በኋላ 29 ዓመት ሲያልፍ በሩዋንዳ ሌላ የዘር ፍጅት ሆነ። ከኤፕሪል 7 ቀን 1994 ጀምሮ በ100 ቀን ገደማ ውስጥ ከ800,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ቱትሲዎች፣ በወታደሮች፣ በኢንተርሃምዌ ታጣቂዎችና በገዛ ጎረቤቶቻቸው እጅ ተገደሉ። የቀድሞዋ ቅኝ ገዥ ቤልጅየም 10 ወታደሮቿ ሲገደሉባት የሰላም አስከባሪ ጦሯን አስወጣች። የጸጥታው ምክር ቤትም በዚያው ወር በስፍራው የሚቀረው ኃይል ወደ 270 ሰው እንዲወርድ ወሰነ።

በሊዬዥ የሚገኘው ጉሩፖቭ የተባለ የቤልጅየም የቴአትር ቡድን በዣክ ደልኩቬልሪ መሪነት «ሩዋንዳ 94»ን ማዘጋጀት የጀመረው ይህን ሁሉ ከርቀት በቴሌቪዥን ከተመለከተ በኋላ ነው። ተውኔቱ በ1999 ገና በዝግጅት ላይ ሳለ በአቪኞን ታየ፤ ሙሉው ሥራ በ2000 በሊዬዥ ለመድረክ በቃ። ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አዘጋጆቹ ለሙታን የሚደረግ፣ ሕያዋንም የሚገለገሉበት ምሳሌያዊ ካሣ እንዲሆን ነበር ያሰቡት።

መጋረጃው ሲገለጥ በመድረኩ ላይ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ዮላንድ ሙካጋሳና በኪጋሊ ነርስ ነበረች፤ በፍጅቱ ባሏንና ሦስት ልጆቿን አጥታለች። ተዋናይ አለመሆኗን፣ ከእልቂቱ የተረፈች ሰው መሆኗን ለተመልካቹ ነግራ ታሪኳን ከግማሽ ሰዓት በላይ በራሷ አንደበት ትተርካለች። በታንዛኒያ አሩሻ በተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ብዙ ምስክሮች ለደኅንነታቸው ሲባል በፊደላት ብቻ ይታወቁ ነበር፤ የሚናገሩትም የተጠየቁትን ነው። ሙካጋሳና ግን በስሟ ትናገራለች፣ የልጆቿን ሞት የምታወሳው ራሷ በመረጠችው ቅደም ተከተል ነው፣ የሚያቋርጣት ጠበቃም የለም። የመድረኩ ምስክርነት ከችሎቱ የሚለየው በዚህ ነው።

ከእርሷ ቀጥሎ የፈጠራው ክፍል ይመጣል። የሙታን ምስል በዓለም የቴሌቪዥን ሥርጭቶች መካከል ድንገት እየገባ ይናገራል፤ አንዲት ጋዜጠኛም ምን ለማለት እንደ ፈለጉ ስትመረምር ትታያለች። በመሐሉ ሁቱና ቱትሲ የሚለው ልዩነት በቅኝ አገዛዝ ዘመን በመታወቂያ ወረቀት ላይ እንዴት እንደ ጸና በሰፊው ይብራራል። ተውኔቱ የሚዘጋው በቢሴሴሮ ኮረብታዎች ላይ በድንጋይና በዱላ ሲከላከሉ ስለ ወደቁት ሰዎች በሚዘመር ረጅም ዝማሬ ነው።

ይህ ሥራ በአውሮፓ ሲታይ የሚወቅሰው ዝም ብሎ ያየውን ዓለም ነበር። በ2004፣ በአሥረኛው የመታሰቢያ ዓመት፣ ወደ ሩዋንዳ ሲሄድ ግን ነገሩ ተለወጠ። እዚያ ያለው ተመልካች ከሞት የተረፈ፣ ዘመዱ የገደለ፣ ወይም የሟቹ አጽም የት እንደ ወደቀ ገና የሚፈልግ ሰው ነው። በኤፕሪል የመታሰቢያ ቀናት የተረፉት ሰዎች ያለፈው እንደ ገና እየመጣባቸው ራሳቸውን እንደሚስቱ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ባለ ሕዝብ ፊት ምስክርነትን ማቅረብ ሬሳው ባልተገኘ ለቅሶ ላይ ሙሾ እንደ ማውረድ ነው፤ ያጽናናል፣ ቁስልንም ይነካል። በዚያው ጊዜ የጋቻቻ ችሎቶች በሙከራ ላይ ነበሩ፤ በ2005 በመላ አገሪቱ ሥራ ጀመሩ። ጋቻቻ የአገሬው ሰው በሣር ላይ ተቀምጦ ማን ምን እንዳደረገ የሚነጋገርበት ሸንጎ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የጥንቱን አውጫጭኝ ያስታውሳል። በ2012 እስኪዘጋ ድረስ 12,000 ያህል ችሎቶች ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ አይተዋል።

ከ«ሩዋንዳ 94» ጸሐፍትና ተዋንያን አንዱ የነበረው ዶርሲ ሩጋምባ፣ ባለቅኔና የውዝዋዜ መምህር የነበረው አባቱ ሲፕሪያን ሩጋምባ ከብዙ ቤተሰቦቹ ጋር በኤፕሪል 7 ቀን 1994 የተገደለበት ነው። ዶርሲ ከዚያ በኋላ ከኢዛቤል ጊስሊንክስ ጋር ሆኖ፣ ኡርዊንቶሬ ከተባለው የሩዋንዳውያን ቡድን ጋር ያዘጋጀው የገዛ አገሩን ታሪክ ሳይሆን የቫይስን «ምርመራው» ነው። በ2007 በፓሪስና በለንደን ሲታይ ሩዋንዳውያን ተዋንያን የፍራንክፈርቱን ገዳዮችና ምስክሮች ቃል በየተራ ተናገሩ። ሲያስወቅስ የኖረው ስም አልባነት በዚህ ጊዜ በር ከፈተ፤ ስም የሌለው ምስክር የሌላውን አገር ሙት ማስታወስ ቻለ።

የአሩሻው ፍርድ ቤት በ2015 ሥራውን ጨርሷል። የተረፉትም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ምስክሯ የተቀመጠችበትን ወንበር አንድ ቀን የግድ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ያ ሰው ያልደረሰበትን ሞት በምን መብት ይናገራል? የኡርዊንቶሬ ተዋንያን የራሳቸውን ሐዘን ይዘው የሌላውን ሙት ቃል ሲናገሩ የሰጡት መልስ፣ እስከ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ሁሉ እውነተኛው ይመስላል።