የቀለህና የአረር ነገር፤ ከአሮጌ ጦርነት እስከ ውጅግራ ዘመን

በወሎ ምዕራባዊ ደጋ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ የሚታየው አምባ መቅደላ በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዕረፍትና እንግሊዞች ስለ ወሰዱት ቅርስ ነው። ይሁን እንጂ አምባው ስለ ሌላ ጉዳይም ሊታሰብ ይገባዋል። ባሩድን፥ አረርንና እሳትን በአንድ ቀለህ ውስጥ አስሮ የያዘ ጥይት በኢትዮጵያ ምድር ኀይሉን በጦር ሜዳ የገለጠው በዚህ አምባ ግርጌ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ፥ አረሩ በቀለሁ አፍ እንዴት ይያዝ የሚለው ትንሽ የሚመስል ጥያቄ፥ ጠመንጃ ለያዘ ሰው ሁሉ የሕይወት ጥያቄ ሆነ።

ቀድሞ ጠመንጃ የሚጐርሰው በአፈሙዙ በኩል ነበር። ተኳሹ ባሩዱን በልክ ያፈስሳል፤ በላዩ አረሩን ይጨምራል፤ በዘንግ ይጠቀጥቀዋል፤ ከዚያ በኋላ በፈትል እሳት ወይም በትንሽ የመዳብ ቆብ ይለኵሰዋል። ልምድ ያለው ሰው በአንድ ደቂቃ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ ለመተኰስ አይችልም። በዚህ አሠራር ቀለህ ስለሌለ አረሩን የሚይዘው የዘንጉ መጠቅጠቅ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ግን ጥቅም ነበረው፤ ባሩዱ ከድኝ፥ ከከሰልና ጨው ከሚመስል ማዕድን በአገር ቤት ይቀመማል፤ እርሳሱም በአገር ቤት ቀልጦ አረር ይሆናል። ስለዚህ ባለጠመንጃው ከባሕር ማዶ የሚጠብቀው ነገር ጥቂት ነበር።

ጕድለቱም የታወቀ ነው። ልኩ በሰው እጅና ዓይን የተመካ ስለ ሆነ፥ ሲያንስ አረሩ ሩቅ አይሄድም፤ ሲበዛ መሣሪያው ይፈነዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የባዕድ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ ማሠራታቸው፥ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውንም ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ማስጐተታቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን በአሮጌ ውጊያ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ አጐራረሱ ስለ ተበላሸ ፈነዳ። ከከፍታ ወደ ታች የተተኰሰውም የሌሎቹ መድፎች አረር አብዛኛው ከጠላት ራስ በላይ ዐለፈ።

ውጊያው የሆነው በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 3 ቀን፥ በስቅለት ዕለት ነው። በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ጦር ከሰላምጌና ከፋላ ተዳፋት ወርዶ በአሮጌ ሜዳ ላይ ከጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ጋር ገጠመ። የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው ስናይደር የሚባለውን፥ ከኋላ የሚጐርሰውን ጠመንጃ ሲሆን፥ በደቂቃ እስከ ዐሥር ጊዜ መተኰስ ይቻል ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ 1,200 ያህል ቈሰለ። ገብርዬም ከወደቁት አንዱ ነው። ከእንግሊዝ ወገን ግን የቈሰሉት 20 ሲሆኑ፥ ከነዚህ ሁለቱ ብቻ ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 6 ቀን፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጕጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። የገብርዬ ሰዎች ልብ እንዳልጐደላቸው ጠላትም መስክሯል፤ የጐደላቸው ጊዜ ነበር፤ ጊዜውንም የሚሰጠው ቀለሁ ነው።

የስናይደር ጥይት ቀለህ ከስስ ናስ ተጠቅልሎ በወረቀት የተሸፈነ ነበር። በውስጡ ባሩዱ፥ በአፉ 31 ግራም ገደማ የሚመዝን የእርሳስ አረር፥ በግርጌው የእሳት ቆብ አለ። በአረሩ ወገብ ዙሪያ ጐድጓዳ መሥመሮች ተቀርጸዋል፤ የቀለሁ አፍ ወደ መሥመሩ ገብቶ አረሩን ያንቀዋል። ይህም ማነቅ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፥ ጥይቱ በበቅሎ ጭነትና በዝናር ውስጥ ሲንገላታ አረሩ እንዳይነቀል፥ ባሩዱም እንዳይፈስስ ወይም እርጥበት እንዳይገባው ይጠብቃል። ሁለተኛ፥ ባሩዱ በሚገባ እስኪቀጣጠል ድረስ አረሩን ለቅጽበት ያህል ይዞ ያቈየዋል።

ከመቅደላ በኋላ የኢትዮጵያ ነገሥታትና መሳፍንት ፊታቸውን ወደዚህ ዓይነት መሣሪያ መለሱ። በ1868 ዓ.ም. በጕንደትና በጕራዕ ድል በተደረገው የግብጽ ጦር እጅ የነበረው ብዙ ሬሚንግተን ለዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተረፈ። በ1881 ዓ.ም. በዚያው በወሎ ምድር በውጫሌ በተፈረመው ውል ውስጥ የመሣሪያ ማስገባት ነገር ተጠቅሶ ነበር፤ በ1885 ዓ.ም. ኢጣልያ ለዐፄ ምኒልክ ሁለት ሚሊዮን ጥይት አስረክባለች። ከፈረንሳይ ወገን የመጣው በ1874 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፉዚ ግራ፥ ስሙ በሕዝብ አንደበት ውጅግራ ሆኖ በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ። ስናይደርም ሰናድር፥ ሌበልም ለበን፥ ማንሊኸርም ምንሽር ተብለው አማርኛ ገቡ።

ይሁን እንጂ ትርፉ ከነዕዳው መጣ። ባሩድና እርሳስ በአገር ሊገኙ ይችላሉ፤ የናስ ቀለህና የእሳት ቆብ ግን ከባሕር ማዶ ካልመጡ አይገኙም። ወደቡን የያዘ ባዕድ መንግሥት በሩን የዘጋ እንደ ሆነ፥ ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከበትር አይሻልም። ጥይት እጅግ በመወደዱና በመፈለጉ በብዙ አገር እንደ አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ይዘዋወር ነበር። እንግዲህ የተተኰሰ ቀለህ የሚጣል ዕቃ አልነበረም፤ መልሶ ቢሞላ እንደገና ጥይት፥ እንደገናም ሀብት ይሆናልና።

ቀለህን በቤት መልሶ የሚሞላ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ የአሮጌው ጥያቄ ነው፤ የቀለሁን አፍ በአረሩ ላይ ይነቀው ወይስ ይተወው? መልሱ ለሁሉ አንድ አይደለም፤ እንደ መሣሪያው ይለያያል። ውጅግራ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጐርሳል። ስለዚህ አንዱ ሲተኰስ የሚነቃነቅ ሌላ ጥይት በመሣሪያው ውስጥ የለም። 5.25 ግራም ጥቍር ባሩድ ቀለሁን ስለሚሞላው፥ 25 ግራም የሚመዝነው አረር በባሩዱ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰምጥም። አረሩም በስስ ወረቀት የተጠቀለለ በመሆኑ፥ ናሱ ጠበቅ ብሎ ቢያንቀው ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ለስላሳውም እርሳስ ይጐዳና አካሄዱ ይጣመማል። ስለዚህ ለውጅግራ አረሩ በዝናር ውስጥ እንዳይላላ ያህል ብቻ መያዝ ይበቃዋል።

ለበን ግን ከዚህ ይለያል። በ1886 እ.ኤ.አ. የተሠራው ይህ ጠመንጃ ስምንት ጥይት በአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ በረድፍ ይይዛል፤ የአንዱ አረር ጫፍ የሌላውን ግርጌ ይነካል። መሣሪያው በተተኰሰ ቍጥር ረድፉ ይመታል፤ የሚገፋውም ሞላ ይጫነዋል። ጭስ የሌለው ባሩድ ደግሞ ከጥቍሩ ያነሰ ስፍራ ስለሚበቃው ከአረሩ በታች ደጋፊ ላይኖር ይችላል። እንግዲህ አረሩ ካልታነቀ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል፤ ስፍራው ሲጠብም የባሩዱ ግፊት ከልክ በላይ ይወጣል። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ማነቅ ግዴታ ነው።

ማጥበቅ ሲበዛም ጕዳት አለው። አፉ ከመጠን በላይ የተጫነ ቀለህ ትከሻው ያብጥና ወደ ጠመንጃው አይገባም። ናስ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይደርቃል፤ አፉም ይሰነጠቃል፤ በእሳት ሞቆ እንዲለሰልስ ካልተደረገ ብዙ ጊዜ አያገለግልም። ከሁሉ የከፋው ግን በጥቍር ባሩድ ልክ ጭስ አልባውን መሙላት ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የመድፉ ዕጣ በገዛ እጁና ዓይኑ ላይ ይደርስበታል። አረሩን ማነቅም ሆነ መተው የባሩድን ስሕተት አያርመውም።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የተመኙትን የእጅ ሥራ የሚመሰክር ነው። ይሁን እንጂ የአሮጌን ውጊያ የወሰነው የመድፉ ክብደት ሳይሆን፥ በጣት ሊያዝ የሚችል ትንሽ የናስ ጥቅል ነው። ባዶ ቀለህ መልሶ የሚሞላውም ሰው፥ ምንም ሥራው ጥቃቅን ቢመስል፥ በጋፋት እቶን ዙሪያ የተጀመረውን አሳብ በገዛ አቅሙ የሚከተል ነው፤ ይኸውም መሣሪያን ከመግዛት አልፎ አሠራሩን ማወቅ ነው። ዕውቀቱም የሚፈተነው መቼ ማጥበቅ፥ መቼም መተው እንደሚገባ በመለየት ነው።