ከአሥር ስንት ያምሃል?

ትኩሳትን ቴርሞሜትር ይለካዋል፤ ለደም ግፊትም መሣሪያ አለው። ህመም ግን ከታማሚው አፍ በቀር ምስክር የለውም። በአማርኛ ወጋኝ፣ ቆረጠመኝ፣ ጠዘጠዘኝ፣ ነዘረኝ እንላለን። የመድኃኒት ተመራማሪ የሚፈልገው ግን ቁጥር ነው፦ ከአሥር ስንት ያምሃል? ይቺ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። ታሪኳን ሳነብ ግን እንደዚያ ሆና አላገኘኋትም።

ሄንሪ ቢቸር የሚባል የሐርቫርድ የማደንዘዣ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ግንባር ነበር። በጠና የቆሰሉትን ወታደሮች «ያምሃል? ማስታገሻ ይሰጥህ?» እያለ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው ውጤት ዛሬም ይገርማል፤ አጥንቱ የተሰበረ፣ ሆዱ የተበሳ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ ማስታገሻ አልፈለጉም። ለወታደሩ መቁሰል ማለት ከሞት ተርፎ ከጦርነት መውጣት ነው፤ ቢቸር ምክንያቱን እንዲህ ነው የገመተው። የቁስሉ ትልቅነት የህመሙን ልክ አይናገርም ማለት ነው።

ታዲያ ክኒን የዋጠ ሰው «ተሻለኝ» ሲል ያሻለው ምንድን ነው? ቢቸር በ1955 የ15 ጥናቶችን ውጤት ደመረ፤ 1,082 ታማሚዎች ነበሩ። መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን (ፕላሴቦ) 35 በመቶ ያህሉን አሻላቸው ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ ኋላ ክፉኛ ተተችቷል፤ ጉንፋን በራሱ ጊዜ ይለቃል፣ የቀዶ ጥገና ቁስልም ቀን በቀን ይሽራል፤ ባዶው ክኒን ያልሠራው ሥራ ሁሉ ለእሱ ተቆጥሮለት ነበር። ትችቱ ልክ ይመስለኛል። ግን ያው ትችት ራሱ ባዶ ክኒን የሚወስድ ቡድን የግድ መሆኑን ነው የሚያሳየው።

ለድንገተኛ ህመም መላው ተገኝቷል፤ የመንጋጋ ጥርስ ማስነቀል። ጤነኛ ወጣቶች፣ ተመሳሳይ ቁስል፣ ማደንዘዣው ሲለቅ የሚመጣ ህመም። ግማሹ መድኃኒት፣ ግማሹ ባዶ ክኒን ይወስዳል፤ ሰጪውም ተቀባዩም የቱ የቱ እንደሆነ አያውቁም። በየሰዓቱ ይጠየቃሉ። አልቻልኩም ያለ ሌላ ማስታገሻ ይሰጠዋል፤ እስኪጠይቅ የታገሰበት ሰዓትም ራሱ መለኪያ ነው። በአንድ ቀን ያልቃል።

የመገጣጠሚያ ህመም ግን በአንድ ቀን አያልቅም፤ መድኃኒቱም ለዓመታት ይዋጣል። የመርክ ኩባንያ ቫዮክስ በ1999 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ህመም ያስታግሳል? አዎ፣ ያስታግሳል። ጨጓራም ብዙ አይጎዳም ተባለለት። ይህን ለማረጋገጥ ከ8,000 በላይ የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚዎች ላይ ከናፕሮክሰን ጋር ተወዳደረ። ውጤቱ በ2000 ወጣ፤ የጨጓራ ጉዳቱ በግማሽ ቀነሰ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ግን በአራት እጥፍ ግድም በለጠ።

ኩባንያው ናፕሮክሰን ልብን ስለሚከላከል ነው እንጂ ቫዮክስ ጎድቶ አይደለም አለ። ባዶ ክኒን የወሰደ ቡድን ስላልነበረ ከዚያ ጥናት ብቻ ነገሩን መቁረጥ አይቻልም። (በመገጣጠሚያ ህመም የሚሰቃይን ሰው ለወራት በባዶ ክኒን ማቆየትም ጭካኔ ነው።) መልሱ የመጣው ጉልበትም ጣትም ካልታመሙ ሰዎች ነው። የአንጀት እባጭ እንዳይመለስባቸው ቫዮክስ ወይም ባዶ ክኒን ሲወስዱ ከነበሩት 2,586 ሰዎች መሃል፣ ቫዮክስ የደረሳቸው ሃርት አታክና ስትሮክ በእጥፍ ያህል በዛባቸው። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ከ18 ወር በኋላ ነው። ሴፕቴምበር 30፣ 2004 መድኃኒቱ ከገበያ ወጣ።

ለአምስት ዓመት ጉልበቴ ተሻለኝ ያሉት ሰዎች አልዋሹም። የተጠየቁትን ነው የመለሱት።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ዘመዶቹ እንደገና ተመረመሩ። በየፋርማሲው የምንጠይቀው ዳይክሎፍናክ ከነሱ አንዱ ነው፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2013 የልብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች እንዳይሰጥ መክሯል።