ፈትልና መንጠቆ

የነገሥታት ታሪክ በዜና መዋዕል ይጻፋል፤ የእንዝርት ታሪክ ግን በጣት ላይ ብቻ ስለሚኖር ፈታይዋ ባረፈች ጊዜ አብሯት ይቀበራል። ስለዚህ ከሰቆጣ ደጋ እስከ ሰሃላ ቆላ የታወቀውን ፈትል፣ በሩቅ አገር ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ካለው ባልንጀራው ጋር ልናስተያየው ወደድን።

በውጭ አገር አጥማጆች ላባና ጠጕር በመንጠቆ ላይ አስረው ሰው ሠራሽ ዝንብ ያበጃሉ፤ ዓሣውም እውነተኛ መስሎት ይጎርሰዋል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ የነበረው ሮማዊ ጸሐፊ ኤልያኖስ፣ በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል የሚኖሩ መቄዶናውያን መንጠቆውን በቀይ የበግ ጠጕር ጠቅልለው ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ እንደሚያስሩበት ጽፏል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1496 በእንግሊዝ አገር የታተመው የዓሣ ማጥመድ መጽሐፍም 12 ዝንቦችን ሲዘረዝር የአብዛኛዎቹን ገላ ከበግ ጠጕር ያደርገዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክሩ በሰም ይታሻል፤ ከተባዘተው ጠጕር ጥቂት ተቆንጥሮ በክሩ ላይ ይደረግና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወደ አንድ ወገን ብቻ ይጠመዘዛል፤ ከዚያም በመንጠቆው ላይ ይጠመጠማል። ጠጕሩ ከበዛ ገላው ይወፍራል፤ ወዲያና ወዲህ ከተጠመዘዘም ይፈታል። ውሃ የሚመጠው የበግ ጠጕር ለሚሰጥመው ዝንብ፣ በውሃ የሚኖሩ አውሬዎች ጠጕር ደግሞ ለሚንሳፈፈው ይመረጣል። ክሩ ቀጭንና ጠንካራ መሆን ስላለበት ቀድሞ ሐር ነበረ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 የተፈለሰፈው ናይለን ግን ስለማይበሰብስ ብዙውን ቦታ ወሰደ።

ጥጥ በደጋን አባዝተው በእንዝርት የሚፈትሉት፣ ፈትሉንም በሰም ነክረው ጧፍ የሚያበጁት የአገራችን ሰዎች ይህን ሕግ አስቀድመው ያውቁታል፤ ይኸውም ልል የሆነውን ጠጕር አንድ የሚያደርገው ጥምዘዛ፣ ጥምዘዛውንም የሚጠብቀው ሰም መሆኑን ነው።

በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ ውሃ ከተንጣለለ ወዲህ የዋግ ቆላ ወጣቶች ቆሮሶና አምባዛ በመረብ ያሰግራሉ። ሰው ሠራሹ ዝንብ ይበልጥ የሚያገለግለው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ለተለቀቀው ትራውት ነው። ስለዚህ ሰሃላ ዝንብ ባትሠራ አይጎድልባትም። የሚጎድልባት፣ የናይለን መረብ ከገበያ ሲገባ የእናቶች ጣት የሚያውቀው ሳይመዘገብ የቀረ እንደ ሆነ ነው። እንግሊዞች ስለ አንዲት ዝንብ ገላ ከ500 ዓመት በፊት መጻፍ ካላፈሩ፣ የሰቆጣ መምህርና ተማሪም ከአያቶቻቸው እንዝርት አጠገብ ተቀምጠው የሰሙትን ቢጽፉ ታሪክን አያሳንሱትም፤ ያሟሉታል እንጂ።