የአንባውንድ ሞጁል

አንባውንድ በተባለው የዲኤንኤስ ፈቺ ሶፍትዌር ውስጥ ተሰክቶ የጥያቄዎችን ጉዞ የሚመረምር ወይም የሚለውጥ ተጨማሪ ኮድ ነው። አንባውንድን የሚያዘጋጀው በአምስተርዳም የሚገኘው ኤንኤልኔት ላብስ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2008 እ.ኤ.አ. ወጥቷል።

ሞጁሎቹ ተራ ይዘው ይደረደራሉ። በተለመደው አሰላለፍ «ቫሊዴተር» የመልሱን ዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል፤ «ኢተሬተር» ደግሞ ካስፈለገ ከሥር ሰርቨሮች ጀምሮ እየጠየቀ መልሱን ያመጣል። ጥያቄው ከግራ ወደ ቀኝ ይተላለፋል፣ መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። አዲስ ሞጁል በሲ ወይም በፓይተን ይጻፋል። ፓይተን ለሙከራ ይመቻል፤ ጥያቄ ለሚጎርፍበት ሰርቨር ግን ሲ ይሻላል። በፓይተን ከሚጠበቁት አራት ፈንክሽኖች ዋናው «ኦፐሬት» ነው፦ ጥያቄ ሲመጣም መልስ ሲመለስም ይጠራል፤ ጉዳዩን ለቀጣዩ ሞጁል ያሳልፋል ወይም ራሱ መልስ ሠርቶ ይጨርሳል።

ጀማሪን በብዛት የሚያደናግረው ካሽ ነው። መልሱ ቀድሞ በካሽ ካለ ሞጁሎቹ ጨርሶ አይጠሩም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ ልቁጠር ያለ ሰው በ«ኦፐሬት» ብቻ ከተማመነ ቁጥሩ ይጎድልበታል፤ ከካሽ መልስ ሲሰጥ የሚጠራ የራሱን ፈንክሽን ለብቻ ማስመዝገብ አለበት።

ቅደም ተከተሉም እንደዋዛ የሚታይ አይደለም። ከቫሊዴተር በስተግራ የተቀመጠ ሞጁል የሚለውጠው፣ ማረጋገጫውን ያለፈ መልስ ነው። ለውጡን አንባውንድ ዳግም አይፈትሸውም፤ የተፈረመ ዶሜይን ከሆነ ግን ፊርማውን ራሱ የሚመረምር ደንበኛ ያንን መልስ ይጥለዋል።